የባዘዘው ቀጠሮ

ልብስ ሰፊና ቀጠሮ ተስማምተው አያውቁም። ለፋሲካ የሰጡትን ጨርቅ ለጰራቅሊጦስ ቢረከቡት «ተመስገን» የሚያሰኝ ሙያ ነው። ቢቸና ላይ ግን አንድ ባዘዘው አለ። ባዘዘው «ሐሙስ» ካለ ሐሙስ ነው፤ መብራት ቢጠፋ በእግሩ የሚረግጣትን አሮጌ መኪና አውጥቶ ይሰፋል፣ ቢታመም እየሳለ ይሰፋል። ስፌቱ ከሌሎቹ ይበልጣል የሚል የለም፤ እንዲያውም ኮሌታ አይሆንለትም ብለው የሚያሙት አሉ። ሰው የሚመጣው ለቃሉ ነው። እሱም ይህን ያውቃል፣ ማወቅ ብቻም አይደል ይኮራበታል። «እኔ ቀጠሮ አፍርሼ አላውቅም» ሲል አንገቱ ትንሽ ቀና ይላል።

ከስፌቱ ሌላ የደብሩ ሰንበት ትምህርት ቤት የመዝሙር ክፍል ኃላፊ ነው። በየክረምቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ መዘምራኑን ይዞ ወደ ጎረቤት ከተሞች ለጉባኤ ይወጣል። በዚያ ዓመት የተያዘው ጉዞ መጀመሪያ ጉንደ ወይን፣ ቀጥሎ ሞጣ ነበር። ቃሉ የተሰጠው ገና በዐቢይ ጾም ነው፤ ቃሉን የሰጠውም ባዘዘው ስለሆነ ጉንደ ወይኖች አንዴም ደውለው «ትመጣላችሁ ወይ?» አላሉም። ከግንቦት ጀምሮ ሱቁ በነጭ ጨርቅ ተሞልቶ፣ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ መቆሚያ አጥቶ ደጅ ላይ ይለካ ነበር። ጨርቁን የሚልኩለት የሞጣው ነጋዴ ጋሽ አብዱልዋሂድ ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም በሞጣ ገበያ ጨርቅ ሲለኩ የኖሩ ሰው። «ለመዘምራን ነው ብለህ አስረዝሙልኝ እንዳትለኝ» እያሉ ይቀልዱበትና ሁልጊዜም አንድ ክንድ ያህል ያስረዝሙለታል።

በክረምት ጉዞ ትልቁ ራስ ምታት ከበሮው ነው። ቆዳው እርጥበት ሲጠጣ ይልማል፤ ቢመቱት ጠብ ጠብ ይላል እንጂ አይናገርም። ስለዚህ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር ተሸክሞ ወደ ደጅ፣ ደመና በመጣ ቁጥር ተሸክሞ ወደ ውስጥ መሮጥ ነው። ይህን ሥራ ለማንም የማትለቀው ምሥራቅ ነበረች። ምሥራቅ የሞጣ ልጅ ናት፤ ቢቸና የመጣችው በነርስነት ተመድባ ነው። ተረኛ ካልሆነች ከጥናት አትቀርም። ከበሮውን አንግታ መሐል ስትገባ የዚያ ሁሉ መዘምር እግር አንድ ይሆናል። ባዘዘው ሌላ መቺ ማሠልጠን ነበረበት። «ለከርሞ፣ ለከርሞ» እያለ አላሠለጠነም።

አባቷ አቶ ፋንታ መጀመሪያ ነገሩን አልወደዱትም ነበር። «ሴት ልጅ ከበሮ አንግታ በአደባባይ!» ብለው ስንት ጊዜ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘግተውባታል። እየዋለ እያደረ ለዘቡና፣ መዘምራኑ ሞጣ እንደሚመጡ ስትነግራቸው እንዲህ አሏት፦ «እንግዲያ ከፊት እቀመጣለሁ። ካላማረብሽ ግን ተነሥቼ ነው የምሄድ።» ይህን የአባቷን ድምፅ እየቀዳች ለጓደኞቿ ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲህ በጥናት መሐል አንድ ሰው እግር የሳተ፣ ድምፅ የሰበረ እንደሆነ አንዱ ተነሥቶ «አባባ ተነሡ!» ይላል፣ ሁሉም ይስቃል። ባዘዘውም ሳይቀር ይስቅ ነበር።

ነገ ሊሄዱ ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ባዘዘው ሱቁ ውስጥ የምሥራቅን ቀሚስ ጠርዝ እየቀመቀመ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ ባዘዘው፣ ሽታሁን ነኝ፤ የምሥራቅ ወንድም።» ድምፁ ሰልሏል። «አባታችን ዐረፉብን።»

አቶ ፋንታ ከገበያ ተመልሰው፣ «ደረቴን» ብለው ጋደም እንዳሉ ሳይነሡ ቀሩ። ሽታሁን ይህን ተናግሮ ቀጠለ። «ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ነው። በጠዋቱ መኪና አሳፍርልን። አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል በላትና አንድ አብራት የምትመጣ ልጅ ጨምርላት። መርዶውን እኛ እዚሁ እንነግራታለን። እኛ ብንደውልላት ድምፃችን ያስታውቃል ብለን ነው። አደራ፣ ጋሼ።»

«እሺ፤ እግዜር ያጽናችሁ» አለ ባዘዘው። እሺ ሲል እሺ ማለቱ ነበር፤ ይህን ማንም አይንሳው።

ስልኩን ሳያስቀምጥ ምሥራቅ ገባች። ከሥራዋ መምጣቷ ነው፤ ጃንጥላዋን በር ላይ አራግፋ «ደረሰ?» አለች፣ ቀሚሱን እያየች። ለብሳው ወጣች። ባዘዘው ተንበርክኮ፣ ስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ፣ ጠርዙን ዙሪያውን ማስተካከል ያዘ። እሷም ቀስ ብላ ዞረች።

«ጋሼ፣ በዚህስ አባባ የሚነሡ ይመስልሃል?»

ባዘዘው በአፉ ስፒል ነበረ። ጭንቅላቱን ብቻ ነቀነቀ። ያን ጊዜ ስፒሉን ተፍቶ «አባትሽን አሟቸዋል» ቢል ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ። ስፒሉን ግን ከሚገባው በላይ በአፉ አቆየው፤ ጠርዙ ከተስተካከለ በኋላም እንኳ እዚያው ነበር።

እሷ ከሄደች በኋላ ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየ። እሷ ለቀብሩ ከሄደች ከበሮ የለም። ከበሮ ከሌለ ሽብሸባው የለም። ድንኳን ተክለው የሚጠብቁት ጉንደ ወይኖች ምን ይላሉ? ባዘዘው ቀጠሮ አፈረሰ ይላሉ። ደግሞስ ሙት እንደሆን አይነሣ። ከጉንደ ወይን ቀጥለን ሞጣ አይደለን? ቀብሩን ባትደርስ ለሣልስቱ ትደርሳለች። እስከዚያ በሰላም ብትቆይ ለሷስ ደግ አይደል? ሰው ለራሱ ሲል የሚያደርገውን ነገር ለሌላ ሰው ሲል እያደረገ እንደሆነ ለራሱ ሲያስረዳ ከጠበቃ ይበልጣል። ባዘዘውም ሙግቱን ራሱ ከሶ፣ ራሱ ተከራክሮ፣ ራሱ ፈረደና ቀሚሱን ተኰሰ።

በማግስቱ ጠዋት መዘምራኑ ቅጥቅጡ ላይ ዕቃ ሲጭኑ ሽታሁን ደወለ። ባዘዘው ከመኪናው ጀርባ ዞረ።

«ተሳፈረች?»

«ወንዙ ሞልቷል» አለ ባዘዘው። ከየት እንደመጣለት ራሱም አያውቅም። «ሌሊት ዘንቦ ድልድዩን ውኃ ሄዶበታል። መኪና አያልፍም እያሉ ነው። እንደጎደለ እልካታለሁ።»

«በል እንግዲህ። ቀብሩን ገፋ አድርገን እንጠብቃታለን» አለ ሽታሁን። «አንተም ልፋት በዛብህ።»

ባዘዘው ስልኩን አጠፋው።

መንገድ ላይ ምሥራቅ ከፊት ወንበር ከበሮውን በጭኗ ይዛ፣ በነጠላዋ ጀቡናው ተቀምጣለች፤ ብርድ እንዳይነካው ነው። «አባባ ስልካቸው ዝግ ነው፤ ሽታሁንም አያነሣ» አለች። «ኔትወርክ ነው» አለ ባዘዘው። ጥቂት ቆይቶ አብራት የምትኖረው መክሊት ከኋላ ተጠግታ በጆሮው፣ «ጋሼ፣ የምሥራቅ አባት ሳይታመሙ አልቀሩም መሰለኝ፤ ወንድሟ እንዲህ ስልክ ሳያነሣ ቀርቶ አያውቅም» አለችው። ለቀባሪ አረዱት ማለት ይህ ነው። «ክፉ አታስቢ» አላትና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ድልድዩ ጋ ደረሱ። ሾፌሩ ከበላዩ ዝግ አለና በመስኮት ወደ ታች አየ። «ይኼስ ዘንድሮ የዶሮ እግር አያርስም!» ብሎ ሳቀ። ቅጥቅጡም እንደ ዋዛ አለፈው። መዘምራኑ ሳቁ፣ ምሥራቅም ሳቀች። ባዘዘው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ የምትወርደውን ቀጭን ውኃ እስክትሰወርበት ዞሮ አያት። ሌሊቱን ባይዘንብም አሁን ትሞላ ይሆናል ብሎ ተመኝቶ ነበር፤ ውሸቱ እውነት እንዲሆንለት። ይህን መመኘቱንም ራሱ ታዘበው፣ አፈረም።

ጉንደ ወይኖች እንደተጠበቁት ሆነው ጠበቁ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ጭቃው ላይ ገለባ ተነጥፏል፣ አንድ የደብሩ ሽማግሌ «የባዘዘው ቃል! እኔ ድሮም ብያለሁ» እያሉ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ለወር ያመነዥገው ነበር። ዛሬ ግን ዓይኑ ከሰዓቱ ላይ አልነቀል አለ። ስድስት ሰዓት አለፈ። እየጠበቋት ነው። ሰባት ሰዓት አለፈ። እየጠበቋት ነው። ሬሣውን አውጥተው፣ ለቀስተኛውን በካፊያ አቁመው፣ መንገዱን እያዩ ነው። ሄዶ ሊነግራት ሁለት ጊዜ ተነሣ፣ ሁለት ጊዜም አንድ የሚያስተካክለው ነገር አገኘ፤ አንዴ የሕፃን ቀበቶ፣ አንዴ የድንኳን ገመድ።

ከቀትር በኋላ ጉባኤው ተከፈተ። ምሥራቅ ከበሮዋን አንግታ ወጣች። ቀኑን ሙሉ ታቅፋ ያሞቀችው ቆዳ ጠርቶ ተናገረ። ጉንደ ወይን እልል አለ፣ ሴቶች ተነሥተው አብረው ሸበሸቡ። መሐል ላይ፣ ጭቃው አዳልጧት ይሁን፣ አንድ ምት ስታ ወዲያው መለሰችው። ከኋላዋ የቆመችው መክሊት ጎንበስ ብላ ሹክ አለቻት፣

«አባባ ተነሡ።»

ምሥራቅ ሳቋን አፍና፣ ከበሮውን በሁለት እጇ ዘለል ብላ መታችው። ባዘዘው ያን ጊዜ ከድንኳኑ ወጥቶ ከአጥሩ ሥር ቆመ። አባቷ ወደ ጉድጓድ ሲወርዱ ልጃቸው በነጭ ቀሚስ ትዘላለች፤ ያዘለላት እሱ ነው፣ ቀሚሱንም የሰፋው እሱ ነው። ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ? አለ።

ጉባኤው ሲበተን አባ ገብረ ኪዳንን ፈልጎ አገኛቸው። አባ ገብረ ኪዳን የመዘምራኑ የነፍስ አባት ናቸው፤ ሊያስተምሩ አብረው መጥተዋል። ባዘዘው ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ሁሉንም ነገራቸው፤ ስፒሉን፣ ወንዙን፣ ስልኩን። እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው እስኪጨርስ ሰሙት።

«ለሷ ብዬም ነበር፣ አባቴ» አለ በመጨረሻ። «መርዶ ይቆያል ይባል የለ?»

«መርዶ የሚቆየው ለሐዘንተኛው ነው፣ ልጄ» አሉ አባ። «ወገን እስኪሰበሰብ፣ የሚይዛት ሰው እስኪገኝ። ላንተ ከበሮ ብሎ የሚቆይ መርዶ በየትም የለ።»

«ምን ላድርግ?»

«ለአሁን ትተኛ። ማታ መርዶ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ትነገራለች። እኔ እኖራለሁ፤ የምትናገረው ግን አንተ ነህ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ሰምተሃል። ላንተ ሁለቱም ባንድ ላይ ይምጡልህ።»

ጎህ ሲቀድ ምሥራቅና መክሊት ወዳደሩበት ክፍል ገቡ። አባ ገብረ ኪዳን፣ ባዘዘው፣ የማረፊያው እመቤትና አንዲት ጎረቤታቸው። ማለዳ ሰው ተሰብስቦ በዝምታ ሲገባ ያየ ያገራችን ሰው ማብራሪያ አይሻም። ምሥራቅ ከመኝታዋ ቀና ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው። «ማን ነው?» አለች። ከዚያ ራሷ መለሰችው። «አባባ ናቸው።»

«አባትሽ ዐርፈዋል» አለ ባዘዘው።

ጮኸች። ደረቷን ስትመታ ሴቶቹ እጇን ያዙ። መክሊት ከአጠገቧ ተነሥታ ወገቧን አቀፈቻት። እንዲህ ሆነው ብዙ ቆዩ። ባዘዘው ከበሩ አጠገብ ቆሞ ለቅሶው ባያልቅ ወደደ፤ ካለቀ የሚመጣውን ያውቃልና።

መጣም። ምሥራቅ ፊቷን ጠረገችና፣ «ቀብሩ መቼ ነው? ተነሡ እንሂድ» አለች።

ሴቶቹ ወደ ባዘዘው አዩ።

«ትናንት ነበር» አለ።

«ትናንት?» አለች። «ትናንት እኮ እዚህ ነበርኩ። እየመታሁ ነበር።» ቀጥሎም ቀስ ብላ፣ «አንተ መቼ ሰማህ?»

«ከመነሣታችን በፊት በነበረው ቀን። ቀሚሱን ከመለካትሽ በፊት ተደውሎልኝ ነበር።»

«ከመለካቴ በፊት።» ዓይኗ እሱ ላይ ቆየ። «አባባ ይነሡ ይሆን ብዬ ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ብትሰድበው ደስ ባለው። አልሰደበችውም። ፊቷን ወደ መክሊት ትከሻ መለሰች፣ ያን ዕለት ዳግመኛ አላናገረችውም። ሞጣ እስኪደርሱ ድረስም ከበሮው የመጨረሻው ወንበር ላይ ብቻውን ተቀመጠ፤ የሸፈነው ሰው አልነበረም።

ሞጣ ሲገቡ መዘምራኑ ነጩን ልብስ አውልቀው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ወረዱ። ሽታሁን ከድንኳኑ ወጥቶ እህቱን አቀፋት፣ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። ሰው ሁሉ ከተቀመጠ በኋላ ሽታሁን ወደ ባዘዘው መጥቶ ትከሻውን ሳመው።

«እግዜር ይስጥልን። በዚያ ውኃ እንኳ ለፍተህ አደረስክልን። ቀብሩን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆየነው፤ ከዚያ ወዲያ ዝናቡ እምቢ አለን።»

የአቶ ፋንታ የግንብ ጎረቤት የነበሩት ጋሽ አብዱልዋሂድ ከዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ወደ ባዘዘው ዘንበል አሉ።

«ሰዉ አጉረምርሞ ነበር» አሉት። «‹ከዋዜማው የተነገረው ሰው እንዴት ልጅቱን አያደርስ› ብለው። እኔ ነኝ የመሰከርኩልህ። ‹ባዘዘውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ቀጠሮ አያፈርስም። እሱ ወንዝ ነው ካለ ወንዝ ነው› አልኳቸው። አመኑኝ።»

ባዘዘው ሊናገር አፉን ከፈተ። እውነቱን ሊናገር ነበር፤ ድልድዩ ደረቅ ነበር፣ የዶሮ እግር አያርስም ነበር ሊል። ምሥራቅ ከሴቶቹ መሐል ቀና አለች። ወንድሟን አየች፤ ዓይኑ አብጦ፣ እንቅልፍ ካጣ ስንት ጊዜው፣ ለአንድ ተጨማሪ ነገር የሚሆን ጉልበት የለውም።

«ወንዙ ነው» አለች ምሥራቅ። «ሞልቶ ነበር።»

«አላህ ያመጣው ነገር» አሉ ጋሽ አብዱልዋሂድ፣ የባዘዘውን ጉልበት ዳበስ አድርገው።

አባ ገብረ ኪዳን ወደ መሬት አዩ። ለባዘዘው ንፍሮ በእጁ ተዘገነለት። አንዷን ባቄላ አፉ ውስጥ አድርጎ ማላመጥ አቃተው። የራሱን ውሸት ተሸክሞ መኖር እንደሚችል ከትናንት ወዲያ ሞክሮ አይቶት ነበር። ይህ ግን የሷ ነበር፤ አባቷን ባልቀበረችበት ማግሥት፣ በአባቷ ድንኳን ውስጥ፣ በሱ ጥፋት የዋሸችው። እሱን አይችለውም።

የሞጣው ጉባኤ ያለ ከበሮ፣ በዝማሬ ብቻ ተደርጎ አለቀ። መዘምራኑ ወደ ቢቸና ተመለሱ፣ ምሥራቅም ከቤተሰቧ ጋር ቆይታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ባዘዘው አባ ገብረ ኪዳን የሰጡትን ንስሐ ጀመረ። ለሽታሁን መቼ ልንገረው ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «እሷ ንገረው ስትልህ። እስከዚያ መጠበቅም ከንስሐህ ነው» አሉት።

ነሐሴ ገብቶ አንድ ቀን ከሰዓት ምሥራቅ ወደ ሱቁ መጣች። የተዋሰችው ጥቁር ቀሚስ ሰፍቷት ትከሻዋ ላይ ይንሸራተታል። ከቦርሳዋ ጥቁር ጨርቅ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ባዘዘው ብድግ አለ። ሜትሩን አንሥቶ ለካት፤ በአፉ ስፒል አልያዘም።

«መቼ ላድርስልሽ?» አላት ሲጨርስ። እጁ ሳያስበው ቾኩን ይዞ፣ ቀኑን ጨርቁ ጥግ ላይ ሊጽፍ ተዘጋጅቷል። «ለነገ ብትይም ለነገ ነው።»

ምሥራቅ ጃንጥላዋን አነሣች።

«ግድ የለም፣ ጋሼ» አለች፣ ያለ ቁጣ። «ስትችል።»

ሄደች። ባዘዘው በሩን ገርበብ አድርጎ ያኑ ዕለት ቆረጠው፣ ያኑ ዕለት ሰፋው፣ እንዲህ ያለ ኮሌታም በዕድሜው ሰፍቶ አያውቅም። ተኵሶ ከሁሉ ፊት ሰቀለው። በማግስቱ አልመጣችም፣ በሳምንቱም አልመጣችም። ፍልሰታ ተፈታ፤ ቀሚሱ እዚያው ነው። ደንበኛ ሲገባ ሁሉም ያየዋል። አንዲት ሴት ዳስሳው፣ «እንዴት ያለ ስፌት ነው! የማን ነው?» አለችው።

«የምሥራቅ ነው።»

«ታዲያ አልወሰደችውም? ቀጠሮዋ መቼ ነው?»

«ቀጠሮ አልሰጠችኝም» አለ ባዘዘው፣ መኪናውንም መርገጥ ጀመረ።